ግሪሉን አትሽጠው፣ መጀመሪያ ዘይቱን ለካ

ጥያቄ፦ «ሰላም እህቴ። 41 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ መኪና መንዳት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ እላለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። በቅርቡ ስመረመር ኤ ዋን ሲ (የሦስት ወሩ የደም ስኳር ምርመራ) 5.9 ሆኖ ስኳር ጫፍ ላይ ደርሰሃል ተባልኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እየሄድኩ አንድ አንድ ሰዓት ትሬድሚል ላይ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፣ ቦርጬ ግን ንቅንቅ አላለም። የምንበላው የቤት ምግብ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ችግሬ እሑድ ነው። ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ ጓሮ ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ሥጋ እንጠብሳለን። ባለቤቴ "የሚያወፍርህ እሱ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል፣ ግሪሉን ሽጠው" ትለኛለች። በሦስት ወር ውስጥ ለወንድሜ ሠርግ 15 ኪሎ መቀነስ እፈልጋለሁ። ግሪሉን ልተወው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግሪሉን አትሽጠው። ባለቤትህም ዝም ብላ አልተናገረችም፣ ስለ ካንሰሩ ያለችው ነገር እውነት አለው፣ እመለስበታለሁ። የሚያወፍርህ እሱ ነው ያለችው ላይ ግን አልስማማም። እሑድ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ቦርጭ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው።

ጥያቄህን ሳነብ ያቆመችኝ አንድ መስመር ነች። «የምንበላው የቤት ምግብ ነው» ብለህ እልፍ አልካት። ስለ እሑድ ከሰል፣ ስለ ጓደኞችህና ስለ ጓሮው ነገርከኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለምትበላው ግን አራት ቃል። አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው፣ የቤት ምግብ ከተባለ ምርመራ አያስፈልገውም ብለን እናልፈዋለን።

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ምስር ወጥ ሲሠራ ዘይቱ ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስቱ አይግባ፣ መጀመሪያ መለኪያ ኩባያ ላይ ይፍሰስ። እንደተለመደው በዓይን፣ ሳይቆጠብ። እኔ ይህንን የገዛ እናቴ ቤት ሞክሬዋለሁ። እናቴ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጋ ስታንቆረቁር ኩባያው እስከ አፉ ሞላ፣ እጇ ግን ገና አልተመለሰም። «ውይ፣ ኩባያሽ ትንሽ ነው» አለችኝ። ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መደበኛው የአሜሪካ ኩባያ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት ወደ 1,900 ካሎሪ ነው። ድስቱን ለአራት ሰው ብትካፈሉት ለአንድ ሰው 480 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል፣ ምስሩና እንጀራው ገና ሳይቆጠሩ።

አሁን ትሬድሚሉን አስብ። አንተን የሚያክል ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 400 ካሎሪ አካባቢ ነው። በአንድ ሰዓት ላብ ያወጣኸውን ነገር በአንድ ራት መልሰህ አስገባኸው ማለት ነው፣ ለዚያውም ጣዕሙን ሳታውቀው። ሰው ዘይት በላሁ አይልም፣ ምስር በላሁ ነው የሚለው።

መፍትሔው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፣ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላው። ድስቱ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረግህ አማስለው፣ ቡናማ እስኪሆንና ጣፋጭ ሽታ እስኪያወጣ ድረስ ታገሥ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ አትቸኩል፣ የወጥ ጣዕም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። ሩብ ኩባያው ለአራት ሰው ሲካፈል 120 ካሎሪ ነው። ለአንድ ሰው 360 ካሎሪ ቀነስህ፣ ወጡም ወጥ ሆኖ ቀረ። (በነገራችን ላይ «አቁላላው» ያልኩት አንተን ነው። የምትቀንሰው አንተ ከሆንክ ማማሰያውን አንዳንድ ቀን አንተም ያዝ፣ ሸክሙ ሁሉ ባለቤትህ ላይ አይውደቅ።)

እንጀራን ተው አልልህም። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ፋይበርም ብረትም አለው። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 365 ካሎሪ ይሰጣል፣ እዚህ አገር የምንገዛው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ ስትገዛ ጠይቅ። ለአንተ ስኳር ትልቁ ነገር መጠኑ ነው። አሁን ሁለት የምትበላ ከሆነ አንድ አድርገው፣ አንድ ከሆነ ግማሽ፣ የቀረውን ቦታ ጎመን፣ ፎሶሊያና ሰላጣ ይሙላው። ደግሞ ማንም የማይቆጥራት አንዲት ነገር አለች፤ ወጡ ካለቀ በኋላ ትሪው ሥር የምትቀረው፣ ዘይትና ቁሌት የጠጣችው እንጀራ። አውቃለሁ፣ ከሁሉም የምትጣፍጠው እሷ ናት። ዘይቱ ሁሉ የተጠራቀመውም እሷ ላይ ነው። ትሪው ሲነሳ አብራ ትነሳ።

የጾሙን ነገር በአጭሩ። «ጾም ስለሆነ ቀለል ያለ ነው የምበላው» የሚል ሰው ሳገኝ ዘይቱን እጠይቃለሁ፣ ቅቤው ሲቀር ዘይቱ እጥፍ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነውና። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሳምቡሳ፣ ዳቦና ፓስታ መጫንም ለስኳርህ አይሆንም። ጾሙን የምትፈታው በሽሮ፣ በምስር ወይም በሽምብራ ይሁን። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ይህ ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን ብቻ ስትጾም አያሰጋም፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ስትይዝ ግን ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት እንደማይገኝ እወቅ፣ ሐኪምህን አስለካኝ በለው። በኋላ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ከታዘዘልህ ደግሞ የበለጠ ተከታተለው፣ መድኃኒቱ ራሱ ቢ12ን ይቀንሳል።

አሁን ስለ 15 ኪሎው። አይሆንም። በሦስት ወር 15 ኪሎ ማለት በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። በረሃብ ልታወርደው ትችል ይሆናል፣ ግን አብሮ ጡንቻህ ይሄዳል፣ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ደግሞ መመለስ ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ጫፍ ላይ በደረሱ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ፣ ውጤቱ የወጣው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነው። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፣ ሌላ ተአምር የለውም። በዚያ መንገድ የሄዱት ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። የአንተ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ እያልክ ብትሄድ ሠርጉ ሲደርስ እዚያው ገደማ ትሆናለህ። 5.9 የቅድመ ስኳር ክልል ውስጥ ነው፣ ክልሉ ከ5.7 እስከ 6.4 ይሄዳል፣ ስለዚህ አንተ ያለኸው ወደ መግቢያው ነው፣ ለመመለስ ቅርብ ነህ። ሙሽራው ደግሞ ወንድምህ ነው፣ ማንም አንተን አያይም፣ ተረጋጋ።

ጂሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሦስቱንም ቀን ትሬድሚል ላይ አታባክነው። ሁለቱን ቀን ብረት ሥራ፦ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ደረት መግፋት፣ ገመድ ወደ ራስህ መሳብ፣ ክብደት ከመሬት ማንሳት። ከበላኸው የሚመጣውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ደግሞ እግሩና መቀመጫው ላይ ያለው ጡንቻ እያንቀላፋ ነው የሚውለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሆዴን ብቻ ላጥፋ ብለህ ሲት አፕ አትደርድር፣ ስብ ከየት እንደሚቀንስ ሰውነት አንተን አያማክርም። ከራት በኋላ ከባለቤትህ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ሰፈሩን ዞር ዞር በሉ። ይቺ ቀላል የምትመስል ነገር ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር በደንብ ታወርዳለች።

እሺ፣ ወደ ጓሮው እንውጣ።

ባለቤትህ የሰማችው ይህ ነው፤ ሥጋ በጣም ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ሥጋው ላይ ጎጂ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ጮማው እየቀለጠ ከሰሉ ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ እሳቱ ቦግ ይላል፣ ጭሱ ይነሳል፣ ጭሱ ይዞት የመጣው ሌላ ጎጂ ነገር ሥጋው ላይ ተመልሶ ይለጠፋል። እነዚህ ነገሮች በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ቀይ ሥጋን «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ይመስላል» በሚለው ረድፍ መድቦታል። ሆት ዶግ፣ ሶሴጅና ቤከን ግን «ያመጣል» በሚለው ረድፍ ነው የገቡት፣ ሲጋራ ባለበት ረድፍ ማለት ነው። ረድፉ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፣ አደጋው ከሲጋራ እኩል ነው ማለቱ አይደለም። ቢሆንም እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ከግሪሉ ላይ የማወርደው ለልጆች ተብሎ የሚደረደረውን ሆት ዶግ ነው። የሚገርመኝ ስለ ከሰሉ የሚጨነቀው ቤት ሁሉ ስለ ሆት ዶጉ አይጨነቅም።

ሥጋውስ? በሳምንት የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ350 እስከ 500 ግራም ባለው ውስጥ ከቆየህ ጥሩ ነው። እሑድ ላይ 250 ግራም በልተህ ለሳምንቱ ሌላ ይተርፍሃል። የቀረውን ዶሮና ዓሣ አድርገው፣ ሙሉ ቆሮሶ ሆዱ ውስጥ ሎሚና ቃሪያ ገብቶበት ከሰል ላይ ሲወጣ ሥጋውን ያስረሳል።

ከሰሉን ስታቀጣጥል ነበልባሉ እስኪበርድና ላዩ አመድ እስኪለብስ ጠብቅ፣ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ከሰሉን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ግፋው። ግማሹ ግሪል እሳት፣ ግማሹ ባዶ ይሁን። ሥጋው እሳቱ በኩል ትንሽ ቀለም ይይዝና ወደ ባዶው በኩል ተሻግሮ፣ ክዳኑ ተከድኖ ይበስላል። ጮማ ሲንጠባጠብ ባዶ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እሳቱ ቦግ አይልም። ጮማውን አስቀድመህ ብታነሳለት ደግሞ የተሻለ ነው። ጓደኞችህ ያለ ጮማ ሥጋ አንበላም እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ለእነሱ በአንድ ጥግ ተውላቸው፣ አንተ ከቀዩ ብላ። በየደቂቃው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ አንድ ጎኑ ብዙ ከቆየ ነው የሚያርረው። ያረረውን ቆርጠህ ጣለው፣ «የምትጣፍጠው እሷ ነች» የሚል አይጠፋም፣ አትስማው።

የምወደው ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ጥብስ ላይ የምንጥላት የጥብስ ቅጠል፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሮዝመሪ እየተባለች የምትሸጠው፣ ለሽታ ብቻ አይደለችም። ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች ከሮዝመሪ የወጣ ጭማቂ የተቀላቀለበት የተፈጨ ሥጋ ሲጠበስ፣ እነዚያ ከኃይለኛ ሙቀት የሚመጡት ኬሚካሎች በጣም ቀንሰው ተገኝተዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ሥጋ የሚታሽበት ቅመም ውስጥ ሲገቡ ይጠቅማሉ። እኔ ቅጠሉን ከግንዱ ቀንጥሼ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቁንዶ በርበሬና ከሎሚ ጋር እወቅጠዋለሁ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጌ ሥጋውን አሽቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። አዋዜውን መጨረሻ ላይ ነው የምቀባው። መጀመሪያ ከቀባኸው በርበሬው ያርርና ይመርራል፣ ጨውም ብዙ ነው፤ በቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን ነው ምክሩ።

ሌላ ደግሞ ዝልዝል አለልህ። ሥጋውን ስስ አድርገህ ዘልዝለህ ከሰል ላይ ጣል ብታደርገው ሦስት፣ አራት ደቂቃ ይበቃዋል። እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ከሆነ ጉዳቱም ያንሳል፣ ወፍራም ስቴክ ለአርባ ደቂቃ ከመጠበቅ ይሻላል።

ዶሮ ላይ ግን አትቸኩል። አንድ ጊዜ፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን ነው፣ ቤቴ እንግዳ ጠርቼ የዶሮ ጭን ጠበስኩ። ላዩ ወርቅ መሰለ፣ ሁሉም አደነቀ። አንዷ እንግዳ አጥንቱ ጋ ስትደርስ ቀይ ውሃ ወጣ። የምግብ ባለሙያ ነኝ ባይ ከሰው ፊት ሳህን ስትሰበስብ አስበው። በማግሥቱ ሄጄ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ ርካሽ ነው። ዶሮ ውስጡ 165 ዲግሪ ፋራናይት፣ የተፈጨ ሥጋ 160፣ ሙሉ ቁራጭ ሥጋና ዓሣ 145 መድረስ አለበት፣ ቁራጭ ሥጋው ከወረደ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይረፍ። መሃል ላይ «እስኪ ጥሬውን አቅምሱኝ» የሚል ወዳጅ ካለህ የኮሶ ትል የሚመጣው ከዚያው ነው በለው። ጥሬ ሥጋ የነበረበት ትሪ ላይ የበሰለውን አትመልስ። ምግቡ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ። ፍርግርጉን የምትፈትግበት የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ሽቦው እየተነቀለ ምግብ ላይ ይቀራል፣ ተውጦ ሆስፒታል ያስገባቸው ሰዎች አሉ፤ ሽንኩርት ለሁለት ቆርጠህ ትኩሱን ብረት በእሱ ፈትገው።

አንድ ነገር ግን እንደ ቀልድ አትየው። ዝናብ መጣ ብለህ ከሰሉን ወደ ጋራዥ እንዳታስገባ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። አገር ቤት በክረምት ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ቤተሰቦች ያጋጠማቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

እሑድን እኔ የምፈራው ከሥጋው ይልቅ አጠገቡ ባለው ነገር የተነሣ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 150 ካሎሪ አካባቢ ነው። አራት ጠጣህ እንበል፣ 600። ለስላሳው ደግሞ አንዱ ጣሳ ወደ 39 ግራም ስኳር አለው፣ አሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ስኳር ጫፍ ላይ ላለ ሰው ይህ ከሥጋውም ከከሰሉም የባሰ ነው። አንድ ቢራ በቂ ነው፣ ከዚያ ውሃ በሎሚ ወይም አምቦ ውሃ። ግሪሉ ላይ ደግሞ ቃሪያ፣ ዝኩኒ፣ ሽንኩርትና ጎመን ይውጣ፣ ግማሹ ሳህን የእነሱ ይሁን። ጎመን ከሰል ላይ? አዎ፣ ትልልቁን ቅጠል ዘይት በእጅህ ቀባ አድርገህ አንድ ደቂቃ። ሳትስቅ ሞክረው።

ግሪሉን አትሽጠው ያልኩህ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እሑድ እሳቱ ተነድዶ አይደል? እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከሰሉ ገና ሙቅ ነው። ለሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ምሳህ የሚሆን የዶሮ ደረት አብረህ ጥበስ። የበሰለ የዶሮ ደረት 100 ግራሙ 31 ግራም ፕሮቲንና 165 ካሎሪ ብቻ አለው። የሰኞንና የማክሰኞን ፍሪጅ፣ የሐሙስን ፍሪዘር። ለአንተ በቀን ከ100 እስከ 130 ግራም ፕሮቲን ብትደርስ ጡንቻህ አብሮ አይሄድም፣ በጾም ቀን ትንሽ ቢያንስ አትጨነቅ። ምሳውን ከተጠበሰው አትክልትና ከሩብ እንጀራ ጋር በምሳ ዕቃ ጠቅልለህ በረዶ ካለው ቦርሳ ጋር መኪናህ ውስጥ አስቀምጥ። ነዳጅ ማደያ ገብተህ የምትገዛው ዶናትና ጣፋጭ ቡና የሚቀረው ያኔ ነው። (አልነገርከኝም፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ማደያ ውስጥ ምን እንደሚገዛ አውቃለሁ።)

ክብደትህን በየቀኑ አትመዘን፣ በሳምንት አንዴ ጠዋት፣ ምንም ሳትበላ። ወገብህን ደግሞ እምብርትህ ትይዩ በሜትር ለካ፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር በታች ማውረድ ጥሩ ግብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ሜትሩ ይቀድማል። ኤ ዋን ሲ የሚያሳየው ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ ስለሆነ ከሦስት ወር በፊት አታስደግመው፣ ልክ ለሠርጉ ይደርስልሃል። ሱፉን ግን አሁን እንዳታስለካ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሂድ።